የተፈተገው ብር

ጀላሉ ብሩን ጠርዙን ብቻ ይዞ ወደ ፀሐይ ያዞረዋል። ጥቁር ነው፤ ዘመኑን ሙሉ በጨርቅ ተቋጥሮ የኖረ ብር ነው። ከጥቁረቱ ሥር ግን አንበሳው እንዳለ አለ። የጋማው ጠጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል። በወዲያኛው ገጽ ያለው የምኒልክ ዘውድም ቢሆን አንድ ፈርጥ አልደከመበትም። ሲመታ በደንብ የተመታ፣ ከተመታም ወዲህ ከእጅ እጅ ያልዞረ ብር ነው። እንዲህ ያለው በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው።

“ቆሽሿል” ይላል። “እንዲህ የጠቆረውን ማን ይወስደዋል? ሁለት ሽልንግ።”

ኡሙሰልማ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብላ ታዳምጣለች። ልጇ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች። ባሏ እዚሁ መቀሌ ጨው ሲጭንና ሲያወርድ ኖሮ ባለፈው ክረምት በተስቦ ሞተባት። አሁን ወደ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ወዳሉት ወንድሞቿ መመለስ ትፈልጋለች፤ እስከ ደሴ የሚወስዳት የጭነት መኪና ደግሞ ሃያ ሽልንግ ጠይቋታል። ይህን ሁሉ የነገረችው ገና ሳትቀመጥ ነው። ከአነጋገሩ የወሎ ሰው መሆኑን ስታውቅ ፊቷ በርቶ ነበር።

“ሁለት ብቻ?” ትላለች። “እናቴ ለሰርጌ የሰጠችኝ እኮ ነው።”

“የሰርግ መሆኑን አንበሳው ላይ አልጻፉትም።”

ከኋላው ጥላ ሥር የተቀመጠው ሙሴ ኮስታ ይስቃል። ግሪካዊው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ያገኘውን ከጀላሉ እግር አጠገብ ይተፋል። በየሰኞ ገበያው መጥቶ አሮጌ ብር ይገዛል፤ ገዝቶም ብር በመሳቢያ አስቀምጠው ለሚያዩ አስመራ ላሉ ፈረንጆች ይሸጣል። የምስሉ ምት ላልደከመ ስምንት ሽልንግ ይከፍላል፣ ለተፋቀ ሁለት። ጀላሉ አንጥረኛ ስለሆነ ዓይኑ አይስትም። ጥሩውን በተፋቀው ዋጋ ባስገኘ ቁጥር አንድ ሽልንግ ይደርሰዋል።

“ትንሽ ታገሰኝ፣ ወንድምዓለም” ብላ ኡሙሰልማ ብሯን ይዛ ትነሣለች።

ይተዋታል። ሌላ ሰው ጠይቃ ሲሰለቻት ትመለሳለች። ሁሉም ይመለሳሉ። በመካከሉ አንድ ሽማግሌ ለአንገት ጌጥ የተበሳ ብር ያመጣል፤ ጀላሉ የተበሳ እንደማይፈለግ ነግሮ ይሸኘዋል። እውነት መናገር እንዲህ ቀላል መሆኑ ይገርመዋል።

ኡሙሰልማ ስትመለስ እስከ ክርኗ በአመድ ነጥታለች። እየሳቀች መዳፏን ትዘረጋለታለች። ብሩ እንደ መስታወት ያበራል።

“ሸክላ ሻጯ ናት አመዱንም አሸዋውንም የሰጠችኝ። ‘ሓፍተይ፣ እህቴ፣ አጥብቀሽ እሺው’ አለችኝ። አሁንስ?”

ጀላሉ አጎንብሶ ያየዋል። የአንበሳው ጋማ የለም፤ ባለበት ቦታ የአሸዋው ጭረት ብቻ ይታያል። ሙሴ ኮስታ ከወንበሩ ተንጠራርቶ ብሩን ይነጥቃትና አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ ያሸዋል።

“ማን ፈተገ ይሄን? ሞተ! እንደ ማንኪያ አደረገችው!” ብሎ ጨርቁ ላይ ይወረውረዋል። “ሁለት ሽልንግ። ለብሩ ክብደት ብቻ።”

ኡሙሰልማ አልገባትም። ሁለት ሽልንጉን ተቀብላ ወደ ጀላሉ ዘወር ትላለች። “ግዴለም፣ አላህ ይስጥህ። አንተ ባትነግረኝ ቆሻሻውን ይዤ ስዞር እውል ነበር። የአገር ልጅ ደግ ነው።” ቀጥላም መቀነቷን ፈትታ ሁለት ብር ታወጣለች፤ ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ያልተነኩ። “እነዚህን ደግሞ አጥብቄ ላሻቸው። ምናልባት ሦስት ቢያደርጉልኝ።” የተረፈውን አመድ በቅጠል ይዛ መጥታ ኖሯል፤ ቆንጠር አድርጋ አንዱ ላይ ትነሰንሳለች።

ጀላሉ አንጓዋን ይይዛታል። በገበያ መሐል የሰው ሴት እጅ መያዙን የሚያውቀው ከያዘ በኋላ ነው።

“አታሺው! ዋሸሁሽ። ጥቁሩ እድፍ አይደለም፣ የብሩ ቆዳ ነው። እንዳለ ስምንት ሽልንግ ያወጣል።”

“ስምንት?”

“አዎ።”

“የፊተኛውም?”

ጀላሉ መሬት መሬቱን ያያል። “የፊተኛውም።”

እጇን ቀስ ብላ ታስለቅቃለች። የያዛትን ቦታ ውሻ የላሰው ይመስል በቀሚሷ ታብሰዋለች፤ ደግማ ታብሰዋለች። ከዚያ ዞር ብላ አልፋው ሁለቱን ብር ሙሴ ኮስታ ጉልበት ላይ ታስቀምጣለች።

“ላንተ ነው የምሸጠው። ስምንት፣ ስምንት።”

ግሪካዊው ጀላሉን በአገሩ ቋንቋ ይሰድበዋል። ዓይኑ ግን አንበሶቹ ላይ ቀርቷል፤ ሌላ ገዢ እንዳይቀድመው አሥራ ስድስት ሽልንግ ይከፍላታል። ለጀላሉም “አንተ፣ ሁለተኛ እዚህ አትምጣ” ይለዋል።

ጀላሉ ይነሣል። ከኪሱ ሁለት ሽልንግ አውጥቶ የጨው አህዮቹን እየጣሰ ይከተላታል። “ኡሙሰልማ፣ ሃያ እንዲሞላልሽ ነው። በአላህ ተቀበይኝ።”

ትቆማለች። እጁን እንጂ ፊቱን አታየውም።

“መኪናው የሚያልፍባት ዓዲ ጉዶም ድረስ በእግሬ ብሄድ በአሥራ ስምንት ያሳፍሩኛል።”

“ልጅ አዝለሽ? ሁለት ቀን እኮ ነው!”

“ሦስት ቀንም ይሁን።”

የልጇን አንቀልባ ጠበቅ አድርጋ ወደ ደቡቡ መንገድ ትወጣለች። ጀላሉ እጁን እንደ ዘረጋ ነው። ከኋላው የመጣ ጨው የጫነ አህያ ገፍቶት ሲያልፍ እጁ ይገለበጣል። ሽልንጎቹ ግን አይወድቁም፤ ላብ መዳፉ ላይ አጣብቋቸዋል።