የምትሽከረከረው ክብ

ወጣቱ ሰዓሊ፣ እናቱ ጥጥ ስትፈትል የሚያሳይ አኒሜሽን ለመሥራት አራት ሺህ ሥዕል በእጁ ስሏል፤ ሦስት ዓመት ፈጅቶበታል። በአውደ ርዕዩ መክፈቻ ቀን ግን ፊልሙ አልከፈት አለ። ግድግዳው ላይ ኮምፒውተር ሲያስጠብቅ የምትመጣው ነጭ ክብ ብቻ ትሽከረከራለች።

ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ ፊት ሲወጣ፣ ሻርፕ የጠመጠመው ሐያሲ ቀደመው።

«ይኸውላችሁ ጥበብ! ሁሉም ፊልም ያሳያል፤ ይኼ ልጅ መጠበቅን አሳየን!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሰዓሊው የከፈተውን አፍ ዘጋና እጅ ነሳ።

ወዲያው ክቧ ጠፋችና እናቱ እንዝርቷን ይዛ ብቅ አለች።

«ማነው ደግሞ ማስታወቂያ የከፈተብን?» ሲል ሐያሲው ተቆጣ።

«ይቅርታ ጋሼ» አለ ሰዓሊው፤ ሮጦ ሄዶም እናቱን አጠፋት።