የጋሼ በቀለ ባትሪ ሌባ

ጋሼ በቀለ ከምድር ባቡር በጡረታ ሲወጡ ሁለት ነገር ይዘው ወጡ፤ አንድ አሮጌ ፔጆና አንድ አባባል። አባባሉ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚል ነው። ፔጆዋ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ከግቢያቸው በር አጠገብ፣ ኒም ዛፍ ጥላ ስር ትቆማለች። ሁለት ወር ሙሉ ባትሪዋ ዛሬ ሞልቶ ይገባል፣ ነገ ባዶ ሆኖ ይገኛል።

ነገሩ የቀልድ አልነበረም። ጋሼ በቀለ ለታኅሣሥ ገብርኤል ዋዜማ የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ ራሳቸው ነድተው ቁልቢ ሊደርሱ ተስለዋል። በዚያ ቀን መንገዱ በእግረኛ እንደሚሞላ የሚያውቁት ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነበች «በአውቶብስ ብንሄድስ?» ብለው ነበር።

«አርባ ዓመት ባቡር የነዳሁ ሰው በአውቶብስ?»

ባቡር የሚጠመዘዝ መሪ እንደሌለው ለማንሳት የደፈረ የለም።

ጎረቤቱ ግን ምስጋና ይግባው። ጋሼ በቀለ ቁልፍ ይዘው ብቅ ሲሉ እናቶች ልጆቻቸውን ከመንገድ ይሰበስባሉ፤ ወንዶቹ ሳይጠሩ ለመግፋት ይመጣሉ። አንዳንዱ ከኋላ፣ አንዳንዱ ከፊት ሆኖ ያግዛል። ጩኸቱ ለጉድ ነው፤ መኪናዋ ግን አንድም ቀን ተነስታ አታውቅም።

ጥርጣሬው ሳሃል ላይ ወደቀ። ሳሃል ሰርቪስ ቤታቸውን ተከራይቶ ሞባይል የሚጠግን ወጣት ነው። ሚስቱ ኡባህ ልትወልድ ቀናት ቀርተዋታል።

«መብራት ሲጠፋ የሱ ቤት ብቻ ይበራል» አሉ ጋሼ በቀለ። «በኔ ባትሪ ነዋ! ሌባውን ካገኘሁት እዚህ ግቢ አያድርም።»

ጣሪያው ላይ ሶላር እንዳለው ቢነገራቸው አንጋጠው አዩና «የታል?» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሩ የመኪና ኤሌክትሪሽያን አብዱላሂ ተጠራ። ኮፈኑን ከፈተ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታ፣ ቴስተሩን መሀል አስገባና ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀለ። ሾልኮ የሚሄድ ከረንት ካለ ይያዛል።

«ስንት ይላል?» አሉ ጋሼ በቀለ ቴስተሩ ላይ አቀርቅረው። «አንብብልኝ፤ መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ።»

መነጽሩ አፍንጫቸው ላይ ነበር። አብዱላሂ ጨዋ ሰው ስለሆነ አላነሳውም።

«አቦ ጋሼ፣ ምንም የለም። ወላሂ መኪናዋ ንጹሕ ናት።»

«እንግዲያው ሰው ነው! ወሪያ ሳሃል!»

ሳሃል መጣ።

«ባትሪዬን የምትጨርሰው አንተ ነህ?»

ሳሃል ወይዘሮ ዘነበችን አየ፤ ከዚያ አብዱላሂን አየ። ሁለቱም አቀርቅረዋል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ» አለ። «እኔ ነኝ።»

«ዛሬውኑ ውጣልኝ!»

ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ በሙቀቱ ተኝታ ሳለ ሳሃል ፍራሹን ተሸክሞ ወጣ። ኡባህ ሆዷን ደግፋ ተከተለችው። ወይዘሮ ዘነበች ከልባቸው አለቀሱ። ጋሼ በቀለ በበኩላቸው ባትሪውን አስሞልተው አስገቡና ሌባ ያባረረ ሰው እንቅልፍ ተኙ።

እሁድ ዋዜማው ነበር። ጋሼ በቀለ ነጭ ለብሰው መኪናዋ ውስጥ ገቡና ቁልፉን አዞሩ።

ቀጭ። ሌላ ድምፅ የለም።

ተጠራጣሪ እንጂ ግፈኛ አልነበሩም።

«ልጁን በደልኩት» አሉ።

ሳሃልን ከጎረቤታቸው ከዛምዛም ግቢ አገኙት። ትከሻውን ስመው ይቅርታ ጠየቁ፤ ፍራሹን «ራሴ ካልተሸከምኩ» ብለው ግብግብ ያዙ፤ ተሸክመውም ከበሩ ዓምድ ጋር አጋጩት።

«ቤቱ ቤትህ ነው። ልጁም እዚሁ ይወለዳል።»

ከዚያ ምርጫ ስላልነበራቸው ከባለቤታቸው ጋር አውቶብስ ተሳፈሩ። እግረኛው መንገዱን ሞልቶታል። ጋሼ በቀለ የደንገጎን ጠመዝማዛ እስኪጨርሱ ድረስ የሾፌሩን አነዳድ ሲተቹ ሄዱ።

ወይዘሮ ዘነበች እዚያው አጠገባቸው ተቀምጠው ባላቸው መኪና እንዳይነዱ የሚከለክለውን የዓይን ሐኪም ወረቀት ከቦርሳቸው አወጡ፤ በባላቸው ፊት ዘርግተውም ጀርባው ላይ ከተጻፉት የባትሪ ተረኞች መካከል የአብዱላሂን ስም ሰረዙ፤ የሰኞ ተረኛ ዛምዛም ናት።