በአጽሙ እጅ ያለችው ወረቀት

የአጽም ልብስ የለበሰው ልጅ ወረቀቷን ዘርግቶ ዝም ሲል፣ እናትየዋ በእጇ ያለውን ፎጣ ጨምድዳ ያዘች። ከውኃ ገንዳ ውስጥ ፖም በጥርስ የማውጣቱ ጨዋታ አልቆ፣ ሴት ልጇና ለሃሎዊን፣ ልጆች አስፈሪ ልብስ ለሚለብሱበት የበዓል ምሽት፣ የመጡት እንግዶቿ ፀጉራቸው እየተንጠባጠበ ልጁን ከብበውት ነበር። ለበዓሉ ቀለበት ውስጡ ተደብቆ የተጋገረው የዘቢብ ዳቦ የት እንደተደበቀ የሚጠቁመውን እንቆቅልሽ የጻፈችው እሷ ነበረች። በማታ ትምህርት ፊደል መቁጠር ከጀመረች ገና ስምንት ወሯ ነው። ጽሑፏ አልነበብ ካለ፣ ልጇ በክፍል ጓደኞቿ ፊት ልታፍር ነው።

"ማንበብ አቃተህ እንዴ?" አለችው የጠንቋይ ቆብ የደፋችው ልጇ።

እናትየዋ "ተወው፣ አባቷ ይንገራችሁ" ልትል አፏን ከፈተች።

"ዝም በይ አንቺ አሮጊት ጠንቋይ! ጭምብሉ ዓይኔን ጋርዶኝ ነው!" አለ አጽሙ። ጭምብሉን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ አንዴም ሳይደናቀፍ አነበበው። "ከረግረግ ተቆርጬ መጣሁ፣ ምድጃ ውስጥ ልሞት ነው። ዳቦው ከሥሬ አለላችሁ።"

"ማገዶው! የማገዶው ቅርጫት!"

ሁሉም እየተገፈታተሩ፣ ከረግረግ ተቆርጦ የደረቀ የአፈር ማገዶ ወደሞላው፣ ምድጃው አጠገብ ወዳለው ቅርጫት ሮጡ። ማን ጻፈው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አጽሙም ወረቀቷን፣ ሥራዋን እንደጨረሰች ማንኛዋም ወረቀት፣ እርጥቡ ወለል ላይ ጥሏት ሄደ። እናትየዋ ጎንበስ ብላ አነሳቻት። በፎጣው ቀስ አድርጋ አደረቀቻትና "ተመስገን" ብላ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተቻት።