ሳሉ እስኪያልፍ

«አባባ፣ በአገልግሎታችን ረክተዋል?» አለች፣ በሆስፒታሉ መውጫ በር ላይ የቆመችው አስተያየት ሰብሳቢ።

«በጣም እንጂ!» አሉ ሽማግሌው።

የልጃቸው ደም ፈላ። ከንጋት ጀምራ ካርድ ክፍል በር ላይ ስትጋፋ አርፍዳ፣ መቀመጫ ጠፍቶ አባቷን በትከሻዋ ደግፋ ቆማ፣ «የላብራቶሪው ማሽን ተበላሽቷል» ተብላ፣ መድኃኒቱንም «ከውጭ ግዙ» ተብላ፣ እሳቸው «በጣም እንጂ»!

«የሳቸውን ተይው እህቴ፣ ዜሮ ብለሽ ጻፊ! አባዬ፣ ደግሞ ምኑ ነው ያረካህ?»

«ዶክተሩ...» ብለው ሲጀምሩ ሳል ያዛቸው።

«ዶክተሩማ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይህ ነው የጻፈልህ!» ብላ ጨረሰችላቸው።

ሽማግሌው በእጃቸው ዝም አሰኟት። ሳሉ ጋብ ሲልላቸው አፋቸውን በመሀረብ ጠረጉ።

«ስስል እስክሪብቶውን አስቀምጦ ጠበቀኝ። ከዚያ ‹እሺ አባቴ፣ ምን ሊሉኝ ነበር?› አለኝ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ሳሉ ተመልሶ መጣባቸው። ልጃቸው «በቃ እንሂድ» ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችውና ጠበቀች። የፈላው ደሟ አልበረደም፤ የምትቆጣው በማን ላይ እንደሆነ ብቻ ጠፋባት።