የኡርጌሳ ታክሲ

ደሪቱ ገርጂ ስትደርስ የሟች ባሏ የኡርጌሳ ታክሲ የጭነት መኪና ላይ ወጥቶ፣ ኢስሐቅ ጎማዎቹን በሰንሰለት እያሰረ ነበር። ኢስሐቅ የኡርጌሳ የልብ ጓደኛ ነው፤ የሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ።

«ሳትነግረኝ ልትሸጠው?»

«ራሱ ኡርጌሳ ነው ሽጠው ያለኝ» አላት፣ ዓይኗን ላለማየት አቀርቅሮ።

እንደ ወንድሟ የምታምነው ሰው ነበርና ገለል ብላ ቆመች።

ኢስሐቅ የመጨረሻውን ሰንሰለት አጥብቆ ሲወርድ የመጀመሪያው ተፈቶ ተንጠልጥሏል። ወጥቶ እንደገና አሰረው። ወዲያው ሌላው ተፈታ።

የጭነት መኪናው ሾፌር መጠበቅ ሰልችቶት ወርዶ መጣ።

«ኧረ መጀመሪያ ሰውዬውን አስወርደው!»

«የቱን ሰውዬ?»

«ታክሲው ውስጥ መሪ ይዞ የተቀመጠውን ነዋ። ‹መቼ ነው ሽጠው ያልኩህ?› እያለ ሲጮህብህ አትሰማም እንዴ?»