የማዳም ረሺዳ ተራ

ማዳም ረሺዳ ከቢሮ ገብታ ዓባያዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ወደቀች።

«እኔ? እኔ ሱቅ ቆሜ የሰው ልብስ ላጥፍ?»

የምትሠራበት የልብስ ኩባንያ ጂዳ ነው። አለቃዋ ሳሊማ አዲስ ትእዛዝ አውጥታለች። የቢሮ ሰው ሁሉ ተራ እየገባ መካ፣ ዓዚዚያ ሰፈር ባለው የሴቶች ልብስ ሱቅ ቆሞ ይሸጣል። «ማንም አይቀርም፤ እኔም ብሆን» ብላለች።

ማዳም አልቅሳ ሲወጣላት ዓይኗ የቤት ሠራተኛዋ ዘቢባ ላይ አረፈ።

«ቁመታችን አንድ ነው» አለች።

ዘቢባ ነገሩ ገባት። «ማዳም፣ በአላህ! ከተያዝኩ እስር ቤት ነው የምገባው።»

«በኒቃብ ማን ያውቅሻል? ዓረብኛሽ እንደኛው ነው። ተራዬን ቆመሽ ከመጣሽ ፓስፖርትሽን ሰጥቼ አገርሽ እሸኝሻለሁ። ከተነቃብሽ ግን አላውቅሽም። ሰርቃኝ የጠፋች ናት እላለሁ። ኸላስ፣ አለቀ!»

ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ የዘቢባ እናት አልጋ ይዘዋል። በስልክ «ልጄ፣ አፈር ልታለብሺኝ ከሆነ ቀስ በዪ፤ ዓይኔን ልታዪ ከሆነ ግን ፍጠኚ» ብለዋታል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ዘቢባ እሺ አለች።

በተራው ቀን የማዳምን ዓባያ ለበሰች። ኒቃብና ጓንት አደረገች፤ የማዳም ስም ያለበትን ባጅ ደረቷ ላይ ሰካች። ሹፌሩ መካ አደረሳት።

ረፋዱ በሰላም አለፈ። ከዚያ ዘበኛው ሳቢር በበሩ አንገቱን አስገባ።

«ያላ፣ ተነሡ! ሲት ሳሊማ መጣች። ዛሬ የሷም ተራ ነው።»

ዘቢባ ኒቃቧን ወደ ላይ ሳብ አደረገች።

አለቃዋ ገባች። እሷም ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳለች። በጭንቅላቷ ንቅናቄ ብቻ ሰላም አለች። ወንበር ቢያቀርቡላት አልተቀመጠችም። የወደቀ ቀሚስ አንስታ አጠፈች፤ መደርደሪያውን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ሥራ እንዲህ ነው እያለችኝ ነው» አለች ዘቢባ በሆዷ።

አንዲት ደንበኛ አለቃዋ ላይ ቀሚስ ወረወረች። «አንቺ! ይሄ ይጠበኛል፤ ሰፋ ያለ አምጪ!»

ዘቢባ አሁን ሱቁ ይናጋል ብላ ጠበቀች። ሳሊማ ጎንበስ ብላ አንስታ፣ ሌላ አመጣች። ይሄ ትዕግስት ዘቢባን ይበልጥ አስፈራት። ዝምተኛ ሰው አንዴ ከያዘ አይለቅም።

ዘቢባ ወደ ጥጉ ብትሸሽ አለቃዋ ተከተለቻት። ባጇን አየች፤ ዓይኗን አየች። እንደገና ባጇን።

«ወይኔ እናቴ!» አመለጣት ዘቢባን፣ በአማርኛ።

ሴትዮዋ ክው አለች። ከዚያ ክንዷን ጨምድዳ ይዛ ወደ ዕቃ ክፍሉ ጎተተቻትና በሩን ከውስጥ ዘጋችው።

ዘቢባ እግሯ ላይ ተደፋች። በዓረብኛ ለመነቻት። «ሲት ሳሊማ፣ ለፖሊስ አትስጪኝ! እናቴ ልትሞትብኝ ነው። ማዳሜ ፓስፖርቴን ይዛ ነው የላከችኝ። እግርሽን ልሳም!»

«ተነሺ እህቴ» አለቻት ሴትዮዋ፣ በጠራ የወሎ አማርኛ፤ «በአላህ ይዤሻለሁ፣ ለማንም እንዳትናገሪብኝ፤ የኔም ፓስፖርት ሳሊማ እጅ ነው ያለው።»