አንድም ሰው እንዳትጥል

ጥፊው ከሰላምታው ቀደመ። ፋሪስ ከነወንበሩ ተገለበጠ፤ ሲነሳ አፉ በደም ተሞልቶ ነበር።

ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ፣ ከአንድ ጨርቅ ቤት በላይ ባለች ክፍል፣ ለሱቆች ፕሮግራም እየጻፈ የሚኖር ሰው ነው። ጠላት የለውም። ከታች ባጃጆቹ ይንጫጫሉ፤ ቢጮህስ ማን ሊሰማው!

ሦስት ናቸው። አንዱ በሩን ቆለፈ። ሁለተኛው ቤንዚን የሚሸት ጄሪካን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለው አለቃቸው ፍላሽ ወረወረለት።

«ሁለት ዝርዝር አለ» አለ። «አንዱ እዚሁ ጀጎል ግንብ ውስጥ የአንዲት መንገድ ቤቶች ናቸው፣ ከነስምና ከነስልካቸው። ሁለተኛው ስልክ ብቻ ነው። ስልካቸው ሁለተኛው ላይ ያሉትን ቤቶች ለይተህ አውጣልኝ።»

«ምን ልታደርጓቸው ነው?»

አለቃው የፋሪስን ግራ እጅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ትንሿን ጣት ሰበራት። ቀጭ አለች። ፋሪስ ጮኸ፤ አለቀሰም።

«ወንድሜን በድንጋይ ቀጥቅጠው የገደሉት እዚያች መንገድ ላይ ነው። አቦ ሥራህን ሥራ! አንድም ሰው እንዳትጥል። ብትጥል ደሙ ባንተ ነው።»

ሥራው ሥራ እንኳ አይባልም፤ አንድ መስመር ኮድ ነው። ቤቶቹን አንድ በአንድ እያነሳ ስልካቸውን ከሁለተኛው ዝርዝር ጋር ያስተያያል፤ ካለ ያስቀራል፣ ከሌለ ይጥላል። ፋሪስ በደህና እጁ ጻፈና ሞከረው። ከአርባ ሦስቱ ቤቶች አሥራ ሁለቱ ወጡ።

ሰባተኛዋ እህቱ ሰዐዲያ ነበረች።

ሰዐዲያ እንኳን ሰው ልትወግር፣ ዶሮ ሲታረድ ፊቷን የምታዞር ሴት ናት! ሁለት ልጆች አሏት። ሁሉንም ልሰርዝ ቢል ይነቃበታል። አንዷን ግን ማን ያውቃል? ስክሪኑን በትከሻው ከልሎ ኮዱ ጫፍ ላይ አንዲት ነገር ጨመረ፦ የሰዐዲያ ስልክ ከሆነ እለፈው።

የቀሩትን ስሞች ላለማየት ፊቱን አዙሮ አተመ። አብረውት ያደጉ ሰዎች ናቸው። ራሱን ጠላው፤ ግን ምን ያድርግ፣ የእናቱ ልጅ ናት።

«አሥራ አንድ ናቸው» አለ ወረቀቱን እየሰጠ።

«ሌላ የለም? ደግመህ እይ።»

«ወላሂ የለም።»

አለቃው ስሞቹን በጣቱ እየተከተለ ሁለቴ አነበባቸው። ከዚያ እዚያች መንገድ ላይ ለሚጠብቁት ሰዎቹ ደወለ።

«አሁን የማነብላችሁ የእናቴ አፎቻ፣ የእድሯ ሴቶች ናቸው፤ ስትሞት አጥበው የከፈኗት። የእነሱን በር እንዳትነኩ፤ የቀረውን ከነሰዉ አቃጥሉት።»